ያላየሁትን አየሁ ልበል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። አጎቴ ከጎረቤቱ ጋር በእርሻ ድንበር ተካሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። አንድ ምስክር አለው፤ ሁለተኛው አንተ ሁንልኝ አለኝ። ድንበሩ ሲካለል ቆሜ እንዳየሁ እንድናገር ነው የሚፈልገው። እኔ ግን ያኔ ለትምህርት ከተማ ስለነበርኩ ምንም አላየሁም። መሬቱ የእሱ ለመሆኑ አልጠራጠርም፤ ደግሞ ያሳደገኝ እሱ ነው። ለእውነት ብዬ ብመሰክር በመጽሐፍ ቅዱስ ሐሰተኛ ምስክር እባላለሁ?

መልስ፦ አዎ ወንድሜ፣ ትባላለህ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልፈለግኩም።

ዳኛው የሚጠይቅህ መሬቱ የማን ይመስልሃል ብሎ አይደለም፤ ምን አየህ ብሎ ነው። መሬቱ የአጎትህ ቢሆን እንኳ «አየሁ» ያልካት ቃል ውሸት ናት።

የናቡቴን ታሪክ ታውቀዋለህ፣ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 ላይ ያለውን። እሱም የመሬት ነገር ነው። ንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታውን ፈለገ፣ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ፣ ንጉሡም አኩርፎ ፊቱን አዙሮ ተኛ፣ እህልም እምቢ አለ። (ንጉሥ ሲያኮርፍ እንዲህ ነው!) እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ግን ሚስቱ ኤልዛቤል ያደረገችው ነው። ነፍሰ ገዳይ በሌሊት አልላከችም። በባሏ ስም ደብዳቤ ጻፈች፣ በማኅተሙ አተመች፣ ጾም አሳወጀች፣ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበች፣ ከዚያ ሁለት ምስክር አስቀመጠች፤ ለምን ሁለት? ሕጉ በአንድ ምስክር ሰው አይሙት ስለሚል ነዋ! አየህ፣ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነው የሄደው። ናቡቴ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ተባለ፣ ከከተማ ውጭ በድንጋይ ተወገረ፣ አክዓብም ቦታውን ሊወርስ ወረደ። ሽማግሌዎቹ የገዛ ከተማው ሰዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም አልተነፈሱም።

አንተ ኤልዛቤል ነህ ማለቴ አይደለም፣ እንዳትቀየመኝ። ግን «ሁለተኛ ምስክር ሁንልኝ» ማለት ቁጥር ሙላልኝ ማለት ነው። እነዚያ ሁለት ሰዎችም የተጠሩት ቁጥር ሊሞሉ ነው።

ደግሞ በቀላሉ ያልፋል ብለህ አታስብ። በመጽሐፈ ሶስና ያለችውን ሶስናን ከአንድ ወጣት ጋር ስታመነዝር አየን ብለው የከሰሷት ሁለት ሽማግሌዎች ራሳቸው ዳኞች ነበሩ፤ ሕዝቡ አምኗቸው ልትሞት ነበር። ዳንኤል ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ሲላቸው አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ። አለቀ። ዘዳግም 19 እንደሚለው በእሷ ላይ ያሰቡት በራሳቸው ላይ ደረሰ። የጎረቤትየው ጠበቃም እኮ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ነበር ወይስ ዛፍ፣ ቀኑ ምን ነበር፣ ማን ማን ነበር ብሎ ይጠይቅሃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም በሐሰት መመስከርን ያስቀጣል።

አሳዳጊህ ስለሆነ አንጀትህ መብላቱ ይገባኛል። ዘፀአት 23 ግን ብዙኃኑን ተከትለህ ፍርድ አታጣምም ካለ በኋላ ለድሀም በሙግቱ አታድላ ይላል። ለድሀ እንኳ! እኔ ይሄን ቃል መጀመሪያ ሳነበው ጨካኝ መስሎኝ ነበር።

ዝም በልም አልልህም፤ ዘሌዋውያን 5 ያየውን የማይናገርም ኃጢአቱን ይሸከማል ይላል። አጎትህ መሬቱን ሲያርስ፣ ሲያጭድ አይተህ ታውቃለህ? በሬ ነድተህለታል? ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው? እሱን መስክር። ያ ያንተ ነው፣ ማንም ጠበቃ አያስጥልህም።

ለአጎትህ ግን አሁኑኑ ንገረው። ቀጠሮው ዋዜማ ላይ አታድርገው። ብቻውን አግኘው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ድንበሩ ሲካለል በቦታው የነበረ ሰው ለመፈለግ ጊዜ ይኑረው።