መልስ፦ ማርሚታ ከተቀየረ በኋላ በ1800 ዙር የሚመጣ ጉምጉምታ

ወንድሜ፣ የሙስታንግ ጂቲህን ማርሚታ (የጭስ ማውጫ ድምፅ መቀነሻ) እና ሬዞናተር (የተወሰነ ድምፅ የሚያጠፋ ተጨማሪ ክፍል) አውጥተህ ቀጥ ያለ ቱቦ ካስገባህ ወዲህ፣ በፈጣን መንገድ ላይ ሞተሩ 1800 ዙር ሲደርስ ጆሮ የሚደፍን ጉምጉምታ እንደሚመጣ ጽፈሃል፤ ወለሉን በድምፅ መከላከያ ልሸፍነው ወይ ብለህም ጠይቀሃል። ገንዘብህን አታባክን። እሱ የቆርቆሮ ንዝረትን ይቀንሳል እንጂ ይህን ወፍራም ድምፅ እምብዛም አያቆመውም።

እንደ መኪናህ ያለ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር በአንድ ዙር 4 ጊዜ ያቀጣጥላል። 1800 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ 30 ነው፤ ስለዚህ የምትሰማው 120 ኸርዝ (በሰከንድ 120 ንዝረት) ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ ሳይግል አስነሳውና የጭስ መውጫዎቹን በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ አፍን። መገጣጠሚያ ላይ ፉጨት ከሰማህ ወይም ጥላሸት ካየህ ጓርኒሲዮኑን (የመገጣጠሚያውን ማሸጊያ) ቀይር። ቱቦው ሲግል ስለሚረዝም ከመኪናው አካል ጋር እንዳይነካካም እይ።

ከዚያ ሬዞናተሩን መልስ፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ጫፉ የተዘጋ የጎን ቱቦ በሁለቱም መስመር ይበየድ፣ ስፋቱ ከዋናው ቱቦ እኩል ይሁን። ርዝመቱ የድምፁ ሞገድ ሩብ ሲሆን ከጫፉ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ጉምጉምታውን ያጠፋዋል። በጋለ ጭስ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 500ን ለ480 (4 ጊዜ 120) ስታካፍል ርዝመቱ 1.04 ሜትር ይመጣል። በተዘጋው ቱቦ ውስጥ ያለው ጭስ ግን ስለሚቀዘቅዝ ትክክለኛው ልክ ከዚህ ያጥራል። ለዚህ ነው ክዳኑን ቶሎ አታስበይደው የምልህ፦ በማሰሪያ ያዘው፣ መኪናውን አሙቀህ ንዳ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር እያሳጠርክ ሞክር። መውጫው ጫፍ ላይ አትትከለው፣ እዚያ የድምፁ ግፊት ደካማ ነው።

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) ፈጽሞ አትንካ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሆንክ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት መኪና የጭስ ማውጫ ድምፅ ጣሪያው 95 ዴሲቤል ነው።