በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ሪፖርቶች፦ ለወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከውይይታችን በኋላ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ወደ እኔ ቀርባ፣ «ጋሼ፣ ፖሊስ ሰው ገደለ ተብሎ ሁሉም በሚጮኽበት ሰዓት “መጀመሪያ የሆነውን እንወቅ” ብል ከማን ወገን ቆምሁ ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ቆሜ የምመልሰው አልነበረም፤ ለዓመታት ሲቆጨኝ የኖረ አንድ ነገርም ስለቀሰቀሰብኝ መልሱን በጽሑፍ ለማድረግ መረጥሁ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 2014 በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ አጠገብ በምትገኘው ፈርጉሰን፣ ዳረን ዊልሰን የተባለ ነጭ ፖሊስ ማይክል ብራውን የተባለውን የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት ተኩሶ ገደለው። ልጁ መሣሪያ አልያዘም ነበር። አስከሬኑ ለአራት ሰዓት ያህል አስፋልት ላይ ተጋድሞ ሲቆይ የሰፈሩ ሰው ቆሞ አየ። የመጀመሪያውን ምሽት ቁጣ ለመረዳት ከዚህ ሌላ ማወቅ አያስፈልግም ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። ወዲያው ግን ልጁ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እጅ እየሰጠ ተገደለ የሚለው ቃል አገሩን አዳረሰ፤ የእኛም ልጆች እጃቸውን ወደ ላይ እያነሡ ሰልፍ ወጡ።

እኔ ያን ጊዜ ገና በጥብቅና ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ከወዳጆቼ ጋር ሆነን በሜሪላንድ ለማኅበረሰባችን ወጣቶች የምሽት ውይይት እናዘጋጅ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 24 ቀን ግራንድ ጁሪ የተባለው የዜጎች ሸንጎ ፖሊሱ እንዳይከሰስ ወሰነ፤ ሸንጎው የሰማቸው ምስክርነቶችም ለሕዝብ ይፋ ሆኑ። በቀጣዩ ስብሰባችን አንድ የምሕንድስና ተማሪ፣ ነገርን ሳያነብ የማይናገር ረጋ ያለ ልጅ፣ ከተለቀቁት ገጾች የተወሰኑትን አትሞ ይዞ መጣ። ከጀርባው ተመታ ያሉ ምስክሮች እንዳሉ፣ የአስከሬን ምርመራው ግን በጀርባው ላይ የጥይት ቁስል እንዳላገኘ አነበበልንና፣ «በዚህ ከተሳሳቱ ስለ እጁ የተናገሩትን በምን እናረጋግጣለን?» ብሎ ጠየቀ። ንግግሩን አላስጨረሱትም። አንዱ፣ «ወንድምህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትልም ነበር» አለው፤ ሌላው «ባንዳ!» ብሎ ጮኸበት። ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚቈርጥ ታውቃላችሁ። ልጁ ወረቀቶቹን ሰብስቦ እስከ መጨረሻው ድረስ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልመጣም። ዛሬ በሌላ ግዛት ይሠራል፤ በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰዎ ይለኛል፤ ስለ ሕዝብ ጉዳይ ግን አንድም ቃል አይተነፍስም።

የሚቆጨኝ፣ ለጥያቄው መልስ ሲገኝ እርሱ አብሮን አለመኖሩ ነው። ማርች 4 ቀን 2015፣ ኤሪክ ሆልደር ይመሩት የነበረው የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ሁለት ሪፖርቶችን በአንድ ቀን አወጣ። የመጀመሪያው ስለ ግድያው ነው። ብራውን እጁን አንሥቶ ነበር ያሉት ምስክሮች ቃል ከአካላዊው ማስረጃ ጋር እንደማይስማማ፣ አንዳንዶቹም በዓይናቸው እንዳላዩ ማመናቸውን ይገልጻል። በፖሊሱ መኪና ውስጥ የተገኘው ዲኤንኤና በመንገዱ ላይ የነበረው የደም ምልክት የፖሊሱን ቃል እንደሚደግፉ ገልጾ፣ እርሱን በወንጀል ለመክሰስ የሚያበቃ ማስረጃ የለም ሲል ይደመድማል።

ሁለተኛው ስለ ከተማይቱ ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው፤ አንዴ ያነበበው ሰው የሚረሳው አይመስለኝም። ከነዋሪው 67 በመቶ የሚሆኑት ጥቁሮች ሆነው ሳለ፣ ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ፖሊስ መንገድ ላይ ካስቆማቸው አሽከርካሪዎች 85 በመቶው፣ ካሰራቸው ሰዎች ደግሞ 93 በመቶው እነርሱ ነበሩ። ከተማይቱ በጀቷን በቅጣት ገንዘብ ለመሙላት ፖሊሶቿን ትገፋ ነበር፤ የፋይናንስ ኃላፊው በ2010 ለፖሊስ አዛዡ በጻፉት መልእክት፣ የቅጣት ወረቀት በብዛት ካልተጻፈ ገቢው እንደማያድግ አሳስበዋል። በሪፖርቱ የተጠቀሰች አንዲት ሴት በ2007 መኪናዋን ባልተፈቀደ ቦታ አቁማ 151 ዶላርና ተጨማሪ ክፍያ ተቀጣች፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ታሰረች፣ ስድስት ቀን በእስር አደረች፣ 550 ዶላር ከፈለች፤ በ2014 መጨረሻም ገና 541 ዶላር ዕዳ ነበረባት። የእኛ ሰዎች፣ በተለይም ታክሲ የሚነዱ አባቶቻችሁ፣ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ማስረዳት አላስፈለገንም።

እንግዲህ ሁለቱም ሪፖርቶች ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ቀን የወጡ ናቸው። በስብሰባችን ግን ወጣቶቹ ሁለተኛውን ብቻ ይዘው መጡ፤ ሰልፉን ከመነሻው ያልወደዱት አንዳንድ ሽማግሌዎች ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው፣ «አላልናችሁም?» አሉ። የፈርጉሰን ሕዝብ የተበደለው እውነት ነው፤ ብራውን እጁን አንሥቶ እጅ ሲሰጥ ስለ መገደሉ የሚታመን ማስረጃ አለመገኘቱ ያን በደል አንዲት ዶላር አይቀንሰውም። በ2018 ሕዝቡ የቀድሞውን ዐቃቤ ሕግ ጥሎ የመረጣቸው ጥቁሩ ዐቃቤ ሕግ ዌስሊ ቤል እንኳ መዝገቡን እንደገና መርምረው፣ በጁላይ 2020 ክስ ለመመሥረት የሚያበቃ ማስረጃ እንዳላገኙ ተናግረዋል።

በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም ከዚህ የማይርቅ ነገር ደርሶባቸዋል። ሰሎሞን ተካ ጁን 30 ቀን 2019 በሃይፋ አቅራቢያ፣ በቂርያት ሃይም፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት በየከተማው መንገድ ተዘጋ። በኋላ ምርመራው ጥይቱ መሬት ነጥሮ እንደመታው ሲያሳይ፣ ቁጣው መሠረት የለውም ያሉ ነበሩ። የመንግሥቱ የራሱ ኮሚቴ ግን ፖሊስን ጨምሮ በቤተ እስራኤላውያን ላይ አድልዎ እንዳለ አስቀድሞ በ2016 አምኖ ነበር። የጥይቱን አቅጣጫ ማወቅ ያን ሪፖርት አይሰርዘውም፤ ሪፖርቱም የጥይቱን አቅጣጫ አይነግረንም።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ ብዙ ታያላችሁ፣ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አታነቡም፤ ርዕሱን አይታችሁ ታጋራላችሁ። ይህን ስል ደግሞ ኤፕሪል 2015 በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በኖርዝ ቻርልስተን ከተማ የሆነውን አስባለሁ። ዋልተር ስኮት የተባለ ጥቁር ሰው ሲገደል ፖሊሱ ቴዘር የሚባለውን፣ በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘውን መሣሪያዬን ነጠቀኝ ብሎ ነበር፤ እየሸሸ ከጀርባው እንደተመታ የታወቀው በዚያ የሚያልፍ ወጣት በስልኩ ስለቀረጸው ነው። ያ ፖሊስ 20 ዓመት ተፈረደበት።

«እንወቅ» ማለትም ዝም ብሎ መጠበቅ አይደለም። በቺካጎ ላኳን ማክዶናልድ የተባለ ጥቁር ወጣት በፖሊስ 16 ጥይት የተገደለው ኦክቶበር 20 ቀን 2014 ነው፤ ፖሊስ ቢላ ይዞ መጣብን አለ። ሲርቅ የሚያሳየው ቪዲዮ የወጣው ግን ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ ጋዜጠኛ ከስሶ ዳኛ ካዘዘ በኋላ ነበር። ማስረጃው በባለሥልጣን መሳቢያ ውስጥ ሳለ ማስረጃ ጠብቁ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ እጅግ ተጠራጠሩ፤ እኔም ብሆን። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ቺካጎ እንዲህ ያለ ቪዲዮ በ60 ቀን ውስጥ እንዲለቀቅ ደንብ አወጣች።

እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ ደግሞ፣ በ2018 ፖሊሶች ይዘውት ሳለ በሞተው የ19 ዓመት ወጣት በአንቶን ብላክ ስም የተጠራው ሕግ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የፖሊሶችን የዲሲፕሊን መዝገብ ማንም ሰው በጽሑፍ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ማመልከቻ አስገብቶ የሚያውቅ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ አጻጻፉ የሚያስቸግረው ካለ የመኮንኑን ስምና የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ይዞ ቅዳሜ ይምጣ፤ አብረን እንጽፈዋለን።