ጥያቄና መልስ፦ የሚወዛወዝ መደገፊያ ምን ይሻለዋል?

ዛሬ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ አንድ ዕቃ የተጻፉትን ለይቻለሁ፤ ጣውላ አጋድመን የምንቆርጥበት፣ ጥንድ ሆኖ የሚሠራው ባለአራት እግር የእንጨት መደገፊያ።

«መደገፊያዎቼን በወፍራም እንጨት ነው የሠራኋቸው። መጋዙን ስገፋ ግን አሁንም ይወዛወዛሉ። ምን ልጨምርባቸው?»

እንጨት አይጨምሩ። መጀመሪያ መደገፊያውን ያዝ አድርገው ይግፉትና ወዴት እንደሚሄድ ይዩ። ወደ ጎን የሚያጋድል ከሆነ እግሮቹ በደንብ አልተከፈቱም። እኔ የምሠራው 4 ለ1 ነው፤ 4 ሲወርድ 1 ወደ ውጭ። ለ70 ሴንቲ ሜትር ቁመት እያንዳንዱ እግር 17 ተኩል ያህል ወጣ ይላል። ፊት ለፊት የሚተያዩትን እግሮች ደግሞ በኮምፖርሳቶ ቁራጭ እርስ በርስ ያያይዟቸው። ያለዚያ ክብደት ባረፈባቸው ቁጥር እየተከፈቱ ይሄዳሉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላኛውን አቅጣጫ ነው። ጣውላውን በወርዱ ስንቆርጥ መጋዙ የሚሄደው በአግዳሚው፣ ማለትም እግሮቹ በተያያዙበት የላይኛው እንጨት፣ ርዝመት ነው፤ ግፊቱም በዚያው። ስለዚህ ከእግሩ ወደ አግዳሚው መሀል ሰያፍ እንጨት ይምቱ። ሦስት ማዕዘን ስለሚሠራ ቅርጹን አይለቅም። አንዲት ቀጭን ሰያፍ እግሩን በእጥፍ ከማወፈር ትበልጣለች።

«ሚስማር ወይስ ቪት?»

ቪት። ሚስማር በንቅናቄ ብዛት ቀስ በቀስ ይወጣል። ቪቱን ከማስገባትዎ በፊት ግን በድሪል ይብሱ፣ በተለይ ከጫፍ አጠገብ። አለበለዚያ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

«አንዱ እግር አጠረብኝ። ሌሎቹን ሳስተካክል ሳስተካክል መደገፊያው ሊያልቅ ነው!»

መጋዙን ያስቀምጡት! በዓይን እየገመቱ እግር መቁረጥ ማብቂያ የለውም። መደገፊያውን ደልዳላ ወለል ላይ ያቁሙት። አግዳሚው ላይ ውሃ ልክ ያስቀምጡና አረፋዋ መሀል እስክትገባ ድረስ በአጠሩት እግሮች ሥር ሽብልቅ ያስገቡ። አሁን ከሽብልቁ ወፈር ያለ ጣውላ ቁራጭ ወለሉ ላይ ያስተኙ። እርሳሱን በላዩ አጋድመው በአራቱም እግሮች ዙሪያ ያስምሩ። በመስመሩ ይቁረጡ። እግሮቹ ከመስተካከላቸውም በላይ ግርጌያቸው ወለሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ይተኛል።

«ከፍታው ስንት ይሁን?»

እንደ ሥራው ነው። በእጅ መጋዝ ለሚቆርጥ ሰው ጉልበት አካባቢ ይበቃል፤ ጣውላውን በጉልበቱ ተጭኖ ይይዘዋል። ላዩ ላይ ሰሌዳ አጋድመው እንደ ጠረጴዛ ሊገጣጥሙበት ከሆነ 75 ሴንቲ ሜትር እና ከዚያ በላይ ያድርጉት፤ ወገብዎን ያተርፍልዎታል።

«ቦታ የለኝም። ሲያልቅ ግድግዳ ላይ የሚደገፍ ይኖራል?»

አለ፣ ያውም ያለ አንድ ቪት። ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፖርሳቶ ሁለት ሰሌዳ ይቁረጡ። አንዱን ከላይ እስከ ግማሽ፣ ሌላኛውን ከታች እስከ ግማሽ ይሰንጥቁና በመስቀል ያጋጥሟቸው። ስንጥቁ ከኮምፖርሳቶው ውፍረት በግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፋ ይበል። ልክክ ካለ ለመንቀል መዶሻ ሊያስፈልግ ነው።

«ጣውላውን በሁለቱ መደገፊያዎች መሀል ስቆርጥ መጋዙ ይያዝብኛል።»

መሀሉ ሲቆረጥ ጣውላው ወደ ታች ይሰምጥና ቁርጡ ከላይ ይዘጋል፤ መጋዙን የሚነክሰው እሱ ነው። ከመደገፊያው ውጭ ባለው ጫፍ ይቁረጡ፣ የሚወድቀውንም ቁራጭ ሰው ይያዝልዎት። አግዳሚው በመጋዝ እንዳይበላ ደግሞ ላዩ ላይ ለስለስ ያለ እንጨት ይደርቡ፤ ሲያልቅ ይቀየራል። የሚይዙትን ቪቶች ግን ከጎን፣ ዝቅ አድርገው ይምቷቸው፤ የመጋዝዎ ጥርስ እንዳያገኛቸው።