አሮጌው ሃርድ ዲስክ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የጽሕፈትና የሂሳብ ሥራ የምሠራበት ትንሽ ቢሮ አለኝ። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 7 ነው፣ አርጅቷል። አሁን ኤስኤስዲ (ፈጣኑ አዲስ ዓይነት ዲስክ) ያለው አዲስ ኮምፒውተር አስገጣጠምኩ። የድሮውን ሃርድ ዲስክ ነቅዬ አዲሱ ላይ ብሰካው እንዳለ ይነሳልኛል? የደንበኞቼ የፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራሙ) ዳታና የዓመታት ደብዳቤ እዛ ላይ ነው ያለው። (ከአዳማ)

መልስ፦ መሰካቱን ይሰካል፣ ፋይሎችሽም ይከፈታሉ። ኮምፒውተሩን ግን ከእሱ ላይ ላስነሳ እንዳትዪ። የድሮው ዊንዶውስ 7 የሚያውቀው የድሮውን ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) ነው፤ አዲሱ ላይ ሲነሳ ለዲስኩ የሚሆን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ያጣና አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይቆማል። ዊንዶውስ 10 እና 11 በዚህ በኩል በጣም ይሻላሉ፣ አዲስ ዕቃ ሲያገኙ ድራይቨሩን ራሳቸው ፈልገው ይነሳሉ። ለ7 ግን ማይክሮሶፍት ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ነው፣ የሰው ሂሳብ በያዘ ማሽን ላይ ባይቀጥል ይሻላል። ስለዚህ ኤስኤስዲው ላይ ዊንዶውስ 11 ጫኚ፣ አሮጌው ሁለተኛ ዲስክ ሆኖ ይግባ።

አሮጌው ኮምፒውተር አሁንም የሚነሳ ከሆነ ግን ዲስኩን ለመንቀል አትቸኩዪ። መጀመሪያ ፒችትሪን ክፈቺና የእያንዳንዱን ድርጅት ባክአፕ ከራሱ ከፕሮግራሙ አውጪ፤ ፎልደሩን ብቻ ኮፒ አድርጎ መሄድ በኋላ ጣጣ አለው። አዲሱ ላይም ያንኑ ቨርዥን ነው የምትጭኚው፣ ከዛ ያነሰ ከሆነ ባክአፑን አይቀበልም። ክሮም ላይ ያስቀመጥሻቸውን ፓስዎርዶችም አሁኑኑ አውጪ፣ ከድሮው የዊንዶውስ አካውንት ጋር ስለተቆለፉ ፎልደሩን በመገልበጥ አይመጡም።

ደብዳቤዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ። በዱሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ከሆነ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቻቸው አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ብሎ ይመጣል። ብዙ ሰው ይኼን ሲያይ ፋይሉ ተበላሸ፣ ቫይረስ ገባበት ብሎ ያጠፋዋል። ምንም አልሆነም! እነዚያ ፎንቶች ዩኒኮድ (በየኮምፒውተሩ የሚነበበው የፊደል አሠራር) አይደሉም፣ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም፣ በቃ ይኸው ነው። ከአሮጌው ዲስክ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ግቢና የግዕዞቹን ፎንቶች ወስደሽ አዲሱ ላይ ጫኚ፣ ደብዳቤሽ እንደነበረ ይመለሳል።

አሁን ወደ መግጠሙ። ዊንዶውስ 11 ሲጫን አሮጌው ዲስክ ጨርሶ አይሰካ። አለበለዚያ ወይ በስህተት እሱኑ ፎርማት ታደርጊዋለሽ፣ ወይ ዊንዶውስ የማስነሻ ፋይሉን እሱ ላይ ያስቀምጥና ሌላ ቀን ስትነቅይው ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል። ጭነቱ ካለቀ በኋላ መብራቱን አጥፍተሽ፣ ጠባቧን የሳታ (የአሁኖቹ ሃርድ ዲስኮች መሰኪያ) ዳታ ኬብል ከማዘርቦርዱ፣ ሰፊዋን ከፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ታመጫለሽ። የፓወር ሰፕላዩ ኬብሎች የሚነቀሉ ዓይነት ከሆኑ አብረውት የመጡትን ብቻ ተጠቀሚ። የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል ልክክ ብሎ ሊገባ ይችላል፣ ውስጡ ግን የሽቦዎቹ አቀማመጥ ይለያያል፣ ዲስኩንም በአንዴ ያቃጥለዋል።

ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ ሌላ የሳታ ፖርት ሞክሪ፤ አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ኤም ዶት 2 (ማዘርቦርዱ ላይ ራሱ የሚሰካ ትንሽ) ኤስኤስዲ ሲገባ አንድ ሁለት የሳታ ፖርቶች ሥራ ያቆማሉ። ዲስኩ ታይቶ ፎልደሩ «ፈቃድ የለህም» ካለሽ አትደንግጪ፣ ኮንቲኒው በዪው። ግን ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርግ?» ወይም «ኢኒሻላይዝ ላድርግ?» ካለሽ እሺ እንዳትዪ፣ እዛው አቁሚና ለባለሙያ አሳዪ።

ሲገለበጥ ኮፒ እንጂ ከት አይሁን፣ መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ዋናው እንዳለ ይቀመጣል። በነፃ የሚገኘውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ አውርደሽ የዲስኩን ጤንነትም እዪ። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ቶሎ ገልብጪ። ሰማያዊ (ደህና) ቢሆንም አሮጌ ዲስክ ላይ ብቻ የተቀመጠ ዳታ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፣ የደንበኞችሽን ሂሳብ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይም አኑሪው።

ስለ ላይሰንሱ፦ የዊንዶውስ 7 ቁልፍሽ ለ11 አያገለግልም፣ ማይክሮሶፍት ይኼን መንገድ በ2023 ዘግቶታል።

ጥያቄ፦ የእኔ ሃርድ ዲስክ ሰፊና ጠፍጣፋ ኬብል ነው ያለው። አዲሱ ማዘርቦርድ ላይ መሰኪያ አጣሁለት። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይዲኢ ይባላል፣ ባለ 40 ፒን ነው፣ አዲስ ማዘርቦርዶች ላይ የለም። ከአይዲኢ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ግዛ፣ ግን የራሱ ፓወር ያለው መሆኑን አይተህ፤ ትልቁን የዴስክቶፕ ዲስክ ዩኤስቢ ብቻውን አያስነሳውም። ከኋላው ያለችውን ጃምፐር (ፒኖቹ ላይ የምትሰካ ትንሽ ፕላስቲክ) ማስተር ላይ አድርጋት፣ አቀማመጡ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል።