ከአይጥ ግልገል ዐይን የተጀመረው የካንሰር ክኒን

ጥያቄ፦ አክስቴ የሳንባ ካንሰር እንዳለባት ከተነገራት በኋላ፣ ሐኪሟ ከሳንባዋ በተወሰደው ናሙና «ኢጂኤፍአር» የሚባል ተቀባይ ይመርመርና ውጤቱ ከፈቀደ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ይታዘዝልሻል አሏት። ይህ ተቀባይ ምንድን ነው? ግኝቱ ከአይጥ ዐይን ተጀመረ ሲባል የሰማሁትስ እውነት ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለአክስትዎ ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክላቸው። የአይጡ ነገር እውነት ነው። አሜሪካዊው ባዮኬሚስት ስታንሊ ኮኸን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሴንት ሉዊስ ከሳይንቲስቷ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር የነርቭ ሕዋሳትን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር ሲያጠኑ፣ ከአይጥ የምራቅ ዕጢ የወጣውን ፈሳሽ አዲስ የተወለዱ ግልገሎችን ይወጉበት ነበር። ሁለት ሳምንት ገደማ ተጨፍኖ የሚቆየው የግልገሎቹ ዐይን በሳምንቱ ይገለጥ፣ ጥርሳቸውም ያለጊዜው ይበቅል ጀመር። ይህ የነርቭ ማሳደጊያው ሥራ ሊሆን አይችልም። ኮኸን በ1959 ወደ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ ጥያቄውን ይዘው ሄዱ፤ በ1962ም የቆዳን የላይኛ ሽፋን የሚያሳድገውን ፕሮቲን፣ ኢጂኤፍን፣ አጣርተው ማውጣት እንደቻሉ ይፋ አደረጉ። ጥናቱ ሲጀመር ካንሰር ጉዳዩ አልነበረም፤ ምርምር ሁሉ ገና ከመነሻው «ለየትኛው በሽታ ይጠቅማል?» ተብሎ እንዲመዘን የሚሹ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ይመስለናል።

ኢጂኤፍአር ማለት የዚህ የኢጂኤፍ ተቀባይ ማለት ነው። ተቀባይ የሚባለው የሕዋሱን ሽፋን አቋርጦ የሚያልፍ፣ አንድ ጫፉ ከውጭ ሌላው ከውስጥ የሆነ ፕሮቲን ነው። ኢጂኤፍ በውጭው ጫፍ ሲጣበቅ ሕዋሱ የመባዛት ትእዛዝ ይደርሰዋል። እንዴት እንደሚደርሰው ለማወቅ የኮኸን ቡድን ይህ ተቀባይ እጅግ የበዛባቸውን፣ ከሰው ካንሰር የተገኙ ሕዋሳት ወስዶ ሽፋናቸውን ከኢጂኤፍና ራዲዮአክቲቭ ፎስፌት ካለው ውህድ ጋር ሲያገናኝ፣ ፎስፌቱ በሽፋኑ ፕሮቲኖች ላይ ሲለጠፍ ታየ፤ ትእዛዙ ወደ ውስጥ የሚተላለፈው በዚህ መለጠፍ ነው። በ1980 ደግሞ የሚለጠፈው ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ) ላይ መሆኑ ተረጋገጠ። ተመራማሪው ቶኒ ሃንተርና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ኬሚካዊ ለውጥ ካንሰር አምጪ ቫይረሶችን ሲያጠኑ በ1979 አግኝተውት ስለነበር፣ የእድገትና የካንሰር ጥናት እዚህ ላይ ተገናኙ። በ1984 በዶሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣ የአንድ ቫይረስ ፕሮቲን፣ የውጭ ክፍሉ የተቆረጠ የዚሁ ተቀባይ አምሳያ ሆኖ ተገኘ፤ ማንም ሳይነካው የሚጮህ የበር ደወል እንደ ማለት ነው። ኮኸንና ሌቪ-ሞንታልቺኒ በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ለአክስትዎ የታሰበው ክኒን በተቀባዩ የውስጥ ክፍል ላይ ተሰክቶ የፎስፌቱን መለጠፍ ያግዳል። እንደ ጌፊቲኒብ ያሉት መድኃኒቶች በእጅጉ የሚረዱት የተቀባዩ ዘረመል የተለወጠባቸውን ሕሙማን መሆኑ በ2004 ስለታወቀ፣ ሐኪማቸው ምርመራውን ያስቀደሙት ለዚህ ነው። ካንሰሩ ከጊዜ በኋላ ሌላ ለውጥ አምጥቶ ክኒኑን ሊቋቋም ስለሚችል፣ ዳግመኛ ናሙና ቢጠየቁ አይደንግጡ፤ ከእነዚህ ለውጦች ለአንዱ ታስቦ የተሠራ ሌላ ክኒንም አለ።