ሮቦት መጋዘኑን ከወሰደው እኔ ምን ልማር?

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የ24 ዓመት ልጅ ነኝ። በሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ዓምና ተመርቄ፣ ሜክሲኮ አካባቢ በቴሌግራም የቤት ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ረዳት ስቶር ኪፐር ሆኛለሁ። አሜሪካ የአማዞን መጋዘን የሚሠራው ወንድሜ ‹እዚህ መደርደሪያው ራሱ በሮቦት ተጭኖ ይመጣል፤ ያንቺ ሙያ አብቅቶለታል› አለኝ። ያጠራቀምኳትን ብር ከፍዬ የስድስት ወር የሮቦቲክስ ኮርስ ልግባ? ወይስ እዚሁ ልቆይ?»

ልጄ፣ ወንድምሽ ያየውን ነው የነገረሽ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2012 ኪቫ ሲስተምስ የሚባለውን የሮቦት ኩባንያ በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2025 ደግሞ አንድ ሚሊዮንኛውን ሮቦት ሥራ ላይ ማዋሉን አስታወቀ። ሮቦቱ ጠፍጣፋ ነገር ነው። መደርደሪያው ሥር ይገባና ብድግ ያደርገዋል። ከዚያ ወለሉ ላይ የተለጠፉ ኮዶችን በካሜራ እያነበበ፣ ሠራተኛው ወደቆመበት ይዞት ይመጣል። ዕቃውን ከመደርደሪያው የሚያወጣው ግን እስካሁን በአብዛኛው የሰው እጅ ነው። በፌስታል የተጠቀለለ ካልሲ ከሌላ ዕቃ መሀል መምዘዝ ለማሽን ቀላል አይደለም። እሱም ቢሆን እየተሞከረ ነው፤ ኩባንያው በ2025 ቨልካን የተባለ፣ ዕቃ ሲነካ የሚሰማው ሮቦት አሳይቷል። ስለዚህ ወንድምሽ ስለ ራሱ ሥራ ቢሰጋ አልፈርድበትም።

አንቺ ጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ሮቦት ደልዳላ ወለል፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ በዶላር የሚገዛ መለዋወጫ ይፈልጋል። እዚህ በቴሌግራም የሚሸጡ ስንቶቹ ናቸው ዕቃቸውን ኪራይ ቤት ውስጥ፣ ደረጃው ሥር ሳይቀር የሚያጭቁት? ያ ሮቦት ደረጃ አይወጣም። ለአንድ ረዳት ስቶር ኪፐር የሚከፈለውን ደመወዝ ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አለቃሽ በዚህ ሒሳብ ሮቦት አይገዛም።

አሁን ደግሞ ወንድምሽን አንድ ነገር ጠይቂው። እዚያ ዕቃው የሚቀመጠው እንዴት ነው? ሻምፑ ከመጽሐፍ ጎን፣ መጽሐፉ ከአሻንጉሊት ጎን ነው የሚገባው። ክፍት ቦታ በተገኘበት ይከተታል። የመርካቶ ነጋዴ ቢያየው ራሱን ይዞ ይጮኻል። ግን ዕቃው ሲገባ ዕቃውም ቦታውም ስካን ይደረጋል፤ ኮምፒውተሩም ይይዘዋል። ሮቦቱ የተሸከመው ሻምፑ ይሁን ሽሮ አያውቅም። ይህን መደርደሪያ ወደዚያ ውሰድ ሲባል ይወስዳል፣ በቃ። መዝገቡ ከተሳሳተ የተሳሳተውን መደርደሪያ እየበረረ ያመጣል።

ያንቺን ስቶር ደግሞ አስቢው። ቢን ካርዱ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ፣ 12 ይላል፤ መደርደሪያው ላይ 9 አለ። አንዱ ለፎቶ ወጥቶ ቀርቷል። አንዱን የባለቤቱ እህት «በኋላ እከፍላለሁ» ብላ ወስዳዋለች። ሦስተኛውን እግዜር ይወቀው። እኔም በወጣትነቴ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞቹን፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22ን ስሞላ ነው የኖርኩት። አንድ ዓመት ቆጠራ ላይ አርባ ካርቶን ጎደለብኝና ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በኋላ ሌላ ክፍል ውስጥ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ሥር ተገኘ። ማን እንዳዛወረው የጻፈ ሰው አልነበረም።

እዚሁ ቆዪ፣ ግን እንዳለሽው አይደለም። ለእያንዳንዱ መደርደሪያ አድራሻ ስጪው፦ ሀ-3-2፣ ለ-1-4 እያልሽ። በኤክሴል አስገቢው። የዓመቱን ቆጠራ አትጠብቂ፤ በየሳምንቱ ሃያ ሃያ ዓይነት ዕቃ መርጠሽ ቁጠሪ። መዝገቡና መደርደሪያው ከመቶ ስንቱ ላይ እንደሚስማሙ ዛሬውኑ ጻፊው፣ ከሦስት ወር በኋላም እንደገና ጻፊው። ሲቪ ላይ «ታታሪና ታማኝ» ከሚለው ይልቅ ያ ቁጥር ይናገራል። ማታ ማታ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች በሚባለው የመንግሥት የኦንላይን ሥልጠና የዳታ ሳይንሱን ኮርስ ጀምሪ፤ ነፃ ነው። የምትለማመጂበት ዳታ ደግሞ የራስሽ ስቶር ውስጥ አለልሽ። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር የማትችዪ ከሆነም ተማሪው፤ የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ይጠይቀዋል።

የት ልቀጠር ትዪኛለሽ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ዓ.ም. ቦሌ ላይ ለኦንላይን ንግድ ዕቃዎች የሚሆን የጭነት ማዕከል አስመርቋል። አስመጪዎችና መድኃኒት አከፋፋዮችም አሉ። እዚያ ሁሉ ዕቃው የት እንዳለ በትክክል የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል።

ወደ ኮርሱ ልምጣ። ልብሽ ማሽን ላይ ከሆነ አልከለክልሽም። ሮቦት ይሰበራል፣ ይጋጫልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ለንደን ውስጥ ኦካዶ የሚባለው የኦንላይን ግሮሰሪ መጋዘን ሦስት ሮቦቶች ተጋጭተው እሳት ተነሥቷል። ጠጋኝ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጥገና የሚጀምረው ግን ከኤሌክትሪክና ከመካኒክ ስለሆነ፣ ብሩን ከመክፈልሽ በፊት ተግባረ ዕድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄደሽ ምን ምን እንደሚያስተምሩ ጠይቂ፤ ከቢሮሽ ሩቅ አይደለም። ኮርሱ ቤትም ሂጂና አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለሽ እዪ። ተማሪው ሞተር ይፈታል? የተበላሸ ሴንሰር ፈልጎ ያገኛል? ወይስ በካርቶን የመጣ መጫወቻ ገጣጥሞ ሰርተፍኬት ይዞ ይወጣል? ይሄኛው ከሆነ ብርሽን ያዢ።

የመጀመሪያውን ቆጠራ ስትጨርሺ ወረቀቱን ይዘሽ ነይ። አራት ኪሎ ነኝ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮ አልጠፋም። ሲቪሽን አብረን እንጽፈዋለን። የባለቤቱ እህት የወሰደችውንም መዝግቢው፣ አትፍሪ።