የእጥበት ታካሚና የደም ምርመራ ውጤት፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በኩላሊት እጥበት ክፍል ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ ማታ ስለ ልብና በስኳር ስለተጎዳ ኩላሊት የደም ምርመራዎች የምችለውን እመልሳለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። ውጤት ስትጽፉ ደሙ መቼ እንደተቀዳና ያለፈው ስንት እንደነበር አብራችሁ ጻፉ። አደራ።

የአባቷ ልጅ፦ አባቴ 67 ዓመቱ ነው፣ እጥበት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ትሮፖኒን ቲ 58 ወጣ። ወረቀቱ ላይ ከ14 በታች ይላል። ሀርት አታክ ነው እንዴ? ደረቱን አያመውም። ደሙ የተቀዳው ከእጥበት በፊት ነው፣ ያለፈው 55 ነበር።

መላሿ፦ ተባረኪ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው። 14 ናኖግራም በሊትር የሚለው ወሰን የተገኘው ከጤነኛ ሰዎች ነው። እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉም ማለት ይቻላል፣ ምንም ሳያማቸው ከዚያ በላይ ናቸው። አንዳንዱ «ኩላሊቱ ስላላስወጣው ነው» ብሎ ያልፈዋል። እሱ ብቻ አይደለም። ልቡ በግፊትና በውሃ ብዛት ወፍሯል፣ ተወጥሯል፣ በትንሽ በትንሹ እየተጎዳ ነው። ስለዚህ 58 ሀርት አታክ ባይሆንም ባዶ ቁጥርም አይደለም። ከፍ ብሎ የሚቆይ ትሮፖኒን ያለው ታካሚ ለልብ ችግር የበለጠ ተጋላጭ ነው። የልብ አልትራሳውንድ ካልተነሳ ሐኪሙን ጠይቂ።

ሀርት አታክን የሚያሳየው የቁጥሩ መንቀሳቀስ ነው። አንድ አባት ነበሩ፣ ውጤታቸውን ሁሉ በደብተር የሚጽፉ። 62፣ 65፣ 61። አንድ ቀን ላብ ላብ ብሏቸው መጡ፣ 66 ወጣ። ደብተሩን ላየ ሰው ያው የተለመደው ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ድጋሚ ሲቀዳ 118። ያ ነው ሀርት አታክ። መነሻው ከፍ ባለ ሰው ላይ በሰዓታት ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ ለውጥ ከታየ በቁም ነገር ይታያል። ደግሞ ልብ በይ፣ ስኳር ነርቭን ስለሚጎዳ ደረቱን ላያመው ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድንገት መዛል ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የላብራቶሪ ወረቀት አይጠበቅም፣ ወደ ድንገተኛ ነው።

ናሆም፦ ትሮፖኒኔ 70 ነው። ልፍራ?

መላሿ፦ ደሙ መቼ ተቀዳ? ያለፈው ስንት ነበር? ምን ይሰማሃል?

እማማ ዘ፦ ልጄ፣ የኔ ኤንቲ ፕሮቢኤንፒ 9,000 ነው። ተሳስተው ይሆን?

መላሿ፦ አልተሳሳቱም እማማ። ልብ ሲወጠር የሚለቀው ነው። የሚወገደው በአብዛኛው በኩላሊት ስለሆነ እጥበት ላይ በሺዎች መቆጠሩ የተለመደ ነው። ውሃ ሲይዝዎትም ይጨምራል። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቀን፣ ከእጥበት በፊት ይቀዱ። ሁለት ቀን አርፈው የመጡበትን ከሌላው ቀን ጋር አያወዳድሩ። ቢኤንፒ የሚባለው ሌላ ምርመራ ነው፣ ቁጥሮቹ አይደባለቁም።

ብርሃኑ፦ 20 ዓመት ስኳር ነበረብኝ። አሁን የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ 5.6 ነው፣ ኢንሱሊንም ቀነሱልኝ። ዳንኩ ማለት ነው?

መላሿ፦ አልዳንክም ወንድሜ። ኩላሊት ኢንሱሊንን ያስወግዳል፣ ሲደክም ኢንሱሊኑ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። የሦስት ወሩ ምርመራ ደግሞ የሚያየው ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ሴሉ በጤነኛ ሰው 120 ቀን ገደማ ይኖራል፣ በእጥበት ታካሚ ግን ዕድሜው ያጥራል። ለደም ማነስ የምትወጋው መርፌ አዳዲስ ሴል ያመጣል። ደም ከተሰጠህማ ጭራሽ። ቁጥሩ ከእውነቱ በታች ይወርዳል። በጣት ለካ። ሌሊት ስኳር መውረዱን በተለይ ፍራ።

ሳሚ፦ ግላይኬትድ አልቡሚን፣ ስኳር የተጣበቀበት የደም ፕሮቲን፣ እሱ ነው ትክክለኛው። የሦስት ወሩን ተዉት።

ሀረግ፦ የኔ አልቡሚን ዝቅተኛ ነው። በሆድ ነው የምታጠበው፣ ፕሮቲኑ በውሃው ይወጣል። ታዲያ ለኔ እንዴት ይሠራል?

ሳሚ፦ ሁሉም ሰው በሆድ አይታጠብም እኮ።

ሀረግ፦ ለሁሉም «ተዉት» ያልከው አንተ ነህ።

መላሿ፦ ሀረግ ልክ ናት። ግላይኬትድ አልቡሚን ያለፉትን ሁለት ሦስት ሳምንታት ያሳያል፣ የደም ማነስም አያዛባውም፣ ጥሩ ነው። አልቡሚን ሲወርድ ግን እሱም ያሳስታል። ሳሚም ሀረግም የጣት ልካችሁን ጻፉ። እንቀጥል።

ትዕግሥት፦ ስለ ኪም ዋንና ስለ ቲኤንኤፍ ሪሴፕተር አነበብኩ። እናቴ እጥበት ላይ ናት፣ ላስመርምራት?

መላሿ፦ አያስፈልጋትም። እነዚያ የኩላሊት ጉዳት ጠቋሚ ፕሮቲኖች ናቸው፣ የሚጠኑት በስኳር የተነካ ኩላሊት ወደ እጥበት ይደርስ እንደሆነ አስቀድሞ ለማወቅ ነው። እሷ ደርሳለች። አንቺ ስኳር ካለብሽ ግን በየዓመቱ የሽንት አልቡሚንና የደም ክሬቲኒን (ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) አስለኪ። የሽንት አልቡሚን ለአንድ ግራም ክሬቲኒን 30 ሚሊግራም ሲደርስ ኩላሊቱ መነካቱን ይጠቁማል። በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጥ።

ብርሃኑ፦ የኮሌስትሮል መድኃኒት እጥበት ላይ አይጠቅምም ይላሉ። ላቁመው?

መላሿ፦ አታቁም። በ2005 እና በ2009 የወጡት ትልልቅ ጥናቶች ያዩት እጥበት ላይ እያሉ አዲስ የጀመሩትን ነው። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ይቀጥላል። የቀረውን ሐኪምህን ጠይቅ።

ናሆም፦ ስለ 70ው አልመለሽልኝም።

መላሿ፦ ናሆም፣ ሦስት ነገር ጠይቄሃለሁ። ማታውን ሙሉ ቁጥር ብቻውን አይነበብም እያልኩ ነው።

ናሆም፦ ያለፈው 68 ነበር። ደሙ ዛሬ ጠዋት ነው የተቀዳው። የሰኞውን እጥበት አልሄድኩም ነበር። እግሬ ዝሏል፣ ልቤ መዝለል መዝለል ይላል። ወረቀቱ ላይ ፖታሲየም 6.8 የሚልም አለ።

መላሿ፦ ትሮፖኒኑን ተወው። አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ፖታሲየሙ ልብ ሊያቆም ይችላል። በር ላይ «የእጥበት ታካሚ ነኝ፣ ፖታሲየሜ 6.8 ነው፣ የልብ ኢሲጂ አንሱልኝ» በል። ብቻህን አትንዳ። ማን አብሮህ አለ?

ናሆም፦ እህቴ አለች። እየወጣን ነው።

መላሿ፦ ስትደርስ ጻፍልኝ። ሌሎቻችሁ ጠብቁኝ፣ እሱ ሳይደርስ አልመልስም።

ናሆም፦ ደርሰናል። ኢሲጂ ተነሳሁ፣ መርፌ ሰጥተውኝ ማሽን እያዘጋጁ ነው።

መላሿ፦ እሺ ወንድሜ። ስለ 70ው ነገ እናወራለን።